የጓሳ ሣር፣ የመንዝ ሰውና ቀይ ቀበሮው

ከደብረ ብርሃን ወጥቶ ጣርማበር የደረሰ መኪና ሁለት ምርጫ አለው። ዋሻው ውስጥ ገብቶ ወደ ደብረ ሲና መውረድ፣ ወይም ዋሻው ሳይገባ ታጥፎ በመዘዞ በኩል ወደ መሐል ሜዳ ማቅናት። በሁለተኛው መንገድ የሄደ ሰው ግራ ቀኙን ማሳ እያየ ይጓዛል። ገብስ፣ ባቄላ፣ እንደገና ገብስ። ገደል አፋፍ ላይ ሳይቀር ታርሷል። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ እርሻው ቀጥ ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሣር፣ ጅብራና ቁጥቋጦ ብቻ ነው።

ይህ ጓሳ ነው። በሰሜን ሸዋ ዞን፣ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ይገኛል። ስፋቱ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። ይህ ጽሑፍ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። መሬት እንዲህ በጠበበበት አገር፣ ማረሻው እዚህ ላይ ሲደርስ ለምን ቆመ?

ብዙ ሰው «ብርዱ ነው» ይላል። ብርዱ መቼም የዋዛ አይደለም፤ ውርጩ ሌሊት ውኃ ያረጋል። ግን በኢትዮጵያ ደጋዎች ይህን በሚያህል ከፍታ ላይ ገብስ ሲዘራ አይተናል። ብርድ ብቻውን በሬ አይመልስም። ጓሳን ያቆየው ሕግ ነው። ሕጉንም ያወጣው መንግሥት አልነበረም።

መጀመሪያ ስለ ሣሩ። ጓሳ የሣሩም የቦታውም መጠሪያ ነው። ሣሩ ረጅምና ሻካራ ነው፤ ችምችም ብሎ ይበቅላል። ለመንዝ ሰው ይህ ሣር የከብት መኖ ብቻ አልነበረም። ቤት የሚከደነው በእሱ ነው። ገመድ ይገመድበታል፣ መጥረጊያ ይታሰርበታል፣ ፍራሽ ይሞላበታል። እረኛው በክረምት የሚደርበው ገሳ የሚሠራውም ከሣር ነው። ዛፍ እምብዛም በሌለበት ደጋ ደግሞ ቁጥቋጦው ለማገዶ ይፈለጋል። በድርቅ ዓመት ሌላው ግጦሽ ሲነድ ጓሳ ላይ የሚቀር ነገር አለ። ገብሱን ውርጭ የመታበት ገበሬ አንድ ሸክም ሣር ወይም ማገዶ ገበያ አውርዶ የወሩን እህል ይሸምታል። እንግዲህ ጓሳ ለዚህ ሰው ጣሪያም፣ ልብስም፣ የክፉ ቀን መጠባበቂያም ነበር ማለት ነው። ይህን ያልያዘ ሰው የሚቀጥለውን ታሪክ «የተፈጥሮ ፍቅር» አድርጎ ይረዳዋል። ፍቅር አልነበረም አልልም። ግን ነገሩን የጀመረው ጣሪያ ነው።

ሥርዓቱ ቄሮ ይባል ነበር። በቅርብ ዓመታት ከፖለቲካው ከሰማነው ስም ጋር አይገናኝም፤ ይሄ የመንዝ ነው። አመጣጡ ወደ 17ኛው ክፍለ ዘመን ይመለሳል። አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች አገሩን ተካፈሉት፤ ድንበራቸውንም በፈረስ ግልቢያ ለዩ ተብሎ ይተረካል። ከሁለቱም ወገን የተወሰነው መሬት ለሣርና ለግጦሽ ተለይቶ ቀረ። በዚያ መሬት ላይ መብት ያለው የሁለቱ አባቶች ዘር ነኝ ብሎ የሚቆጥር ሰው ነው። አጽመ ርስት የሚባለው ይሄ ነው።

እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሹም ይመርጣል። ሹሙ አባ ቄራ ወይም አፈሮ ይባላል። ሥራው በአጭሩ መዝጋትና መክፈት ነው። ሲዘጋ ለሁሉም ይዘጋል። አይታጨድም፣ አይጋጥም፣ ማገዶ አይለቀምም። ይህ እስከ ሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ድረስ በተከታታይ ሊዘልቅ ይችላል። አምስት ዓመት! ዛሬ አንድ የከተማ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ግቢው ውስጥ ያለችውን ሣር ለአምስት ወር አትርገጡ ቢባል እንዴት እንደሚከራከር አስቡት።

መቼ እንደሚከፈት በቀን መቁጠሪያ አይወሰንም። የሚታየው ሣሩ ነው። ደርሷል ወይ? ሕዝቡስ ምን ያህል ቸግሮታል? አባ ቄራው ከሽማግሌዎች ጋር ይመክራል። ከተስማሙ የሚከፈትበት ቀን ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ ይነገራል። ጊዜው ሁልጊዜ በጋ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በየካቲት አካባቢ። በዚያ ቀን መብት ያለው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ሣሩ ከታጨደ በኋላ ከብቱ ይገባል። ከብቱ የሚወጣበት ቀን ግን የታወቀ ነው፤ ሐምሌ 5። የሐዋርያት ጾም የሚፈታበት የጴጥሮስ ወጳውሎስ ቀን። ከዚያ ክረምቱ ይገባል፣ ሣሩ ይነሳል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብልሃቱ ያለው እዚህ ነው። የሚከፈትበት ቀን እንደ ሣሩ ሁኔታ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ የሚዘጋበት ቀን ግን በበዓል ታስሯል። መክፈት ሲባል ሰው ይጓጓል፤ ስለዚህ ምክር ያስፈልገዋል። መዝጋት ሲባል ደግሞ ሁሉም «አንድ ሳምንት ጨምሩልን» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ለክርክር የማይመች ቀን ተሰጠው። ጾም የተፈታበትን ቀን አላወቅሁም የሚል የመንዝ ሰው ማን አለ?

ጥበቃውም የጋራ ነበር። አቅም ያለው አባወራ ሁሉ ተራውን ጠብቆ ይወጣል። ደመወዝ የለም። ተራውን የቀረ ይቀጣል፤ ሕጉን የጣሰ ደግሞ የባሰ ይቀጣል። ቅጣቱ የአጥፊውን ቤት እስከ ማቃጠል ይደርስ ነበር ይባላል። ጓሳ ለጣሪያ ነው የሚጠበቀው፤ የሰረቀው ጣሪያውን ያጣል። ጨካኝ ነው። ይህን ክፍል መልሰን እናምጣው የሚል ሰው ካለ እኔ የለሁበትም።

ሌላም የማይወደድ ነገር አለ። ርስት የሌለው ሰው፣ ዘሩን ወደ አስቦ ወይም ወደ ጌራ መቁጠር ያልቻለ፣ ጓሳ ላይ መብት አልነበረውም። ጎረቤቱ ሲያጭድ እሱ ቆሞ ያያል። የቄሮን ሥርዓት የሚያወድሱ ጽሑፎች ይህንን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። እኔ ግን በኋላ ስለምፈልገው ያዙልኝ።

አሁን ከመንዝ ልውጣና ወደ ባሕር ልውረድ። ምክንያት አለኝ። የባሕር ዳርቻ ሳይንቲስቶች ባለፉት ሠላሳ ዓመታት አጥብቀው ከያዟቸው ሐሳቦች አንዱ «ለጊዜው መዝጋት» ነው። የዓሣ ማስገሪያ አንድ ክፍል ለተወሰነ ጊዜ ይዘጋል፣ ከዚያ ይከፈታል። በፊጂ ኡኩኒቫኑዋ የምትባል መንደር እ.ኤ.አ. በ1997 የባሕር ዳርቻዋን 24 ሄክታር ለሦስት ዓመት ዘጋች፤ የምትጠብቀው ለምግብም ለገበያም የምትለቅመውን ባለ ቅርፊት የባሕር ፍጥረት ነበር። በተዘጋውም በአቅራቢያውም በዛላት።

ይበልጥ የሚያስተምረው ግን የማዳጋስካሩ ነው። በደቡብ ምዕራብ ማዳጋስካር አንዳቫዱዋካ የሚባል መንደር አለ። ነዋሪዎቹ ቬዞ ይባላሉ፤ ኑሯቸው ከባሕር ነው። ባሕሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ ሴቶች በእግራቸው ገብተው ኮራል ከሚባለው የባሕር ውስጥ ዓለት ጉድጓድ ኦክቶፐስ የተባለውን ባለ ስምንት ክንድ የባሕር እንስሳ ያወጣሉ። ኦክቶፐስ ዕድሜው አጭር ነው፤ ከዓመት ብዙም አያልፍም። በዚያች ዕድሜው ግን በፍጥነት ይከብዳል። ትንሽ ከታገሡት ብዙ ኪሎ ይሰጣል። መንደሩ ብሉ ቬንቸርስ ከተባለ የእንግሊዝ ድርጅት ጋር ተመካክሮ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2004 አንድ የኮራል አካባቢ ዘጋ። ሰባት ወር ያህል ጠበቁ። በሰኔ 2005 ሲከፈት የተያዘው ኦክቶፐስ ግዙፍ ነበር።

ችግሩስ? ወሬው ቀድሞ ወጥቷል። በመክፈቻው ቀን ከሌሎች መንደሮች ሰው ጎረፈ። ሰባት ወር ያልጠበቀ ሰው መጥቶ የጠበቀውን ተጋራ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ትርፉ ተሟጠጠ። ከዚያ በኋላ ነው መንደሮቹ ተሰባስበው፣ ዲና በሚባለው ባህላዊ ሕጋቸው ማን መቼ እንደሚገባ የወሰኑት፤ ኦክቶፐስ የሚዘጋበትን ጊዜም አሳጠሩት። ዘዴው ከዚያ ተነስቶ ወደ ሌሎች የባሕር ዳርቻ መንደሮች ተሰራጨ።

አንዳቫዱዋካ በመጀመሪያው ዓመት ያጣው ነገር መንዝ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የነበረው ነገር ነው። በሩ ሲከፈት የሚገባው ማን እንደሆነ አስቀድሞ መታወቁ። መዝጋትማ ቀላል ነው፤ ማንም ይዘጋል። ሥርዓቱ የሚፈተነው በመክፈቻው ቀን ነው። የዘጋው ሰው ራሱ ሲከፈት የሚያጭድ ከሆነ ሌሊት ብርድ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። አለበለዚያ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሆንበታል።

እ.ኤ.አ. በ1968 ጋሬት ሃርዲን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር የጋራ ግጦሽ መጥፋቱ አይቀርም፣ እያንዳንዱ ከብቱን እየጨመረ ሁሉም ይከስራል ብሎ ጻፈ። ዓለምም ተቀበለው። ኤሊኖር ኦስትሮም በዓለም ዙሪያ ያሉ የጋራ ሀብቶችን አጥንታ፣ ሕግ ያለው የጋራ ሀብት ለዘመናት እንደሚዘልቅ አሳየች፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል አገኘችበት። ሃርዲን ጽሑፉን ሲጽፍ አባ ቄራው ሥራ ላይ ነበር። ማንም አልጠየቀውም።

አባ ቄራው ግን ብዙም አልቆየም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ርስት ቀረ። ርስት ሲቀር በርስት ላይ የቆመው ቄሮ አብሮ ወደቀ። የጓሳ ጉዳይ ወደ ገበሬ ማኅበራት ሄደ። ያ በዘር ምክንያት ቆሞ ያይ የነበረው ጎረቤትም መብት አገኘ። ይህ ፍትሕ ነው፤ ማንም ሊያጣጥለው አይገባም። የጎደለው ሌላ ነው። አሮጌው ሕግ ሲነሳ ቦታው ላይ ሌላ አልተተከለም። ሁሉም ተጠቃሚ ሆነ፤ ጠባቂ ግን አልነበረም። ከብቱ በክረምትም ገባ። ቁጥቋጦው ተጨፈጨፈ። ማረሻውም ከዳር ዳር መብላት ጀመረ።

የሚገርመው ሙሉ በሙሉ አለመጥፋቱ ነው። ሰዉ የሣሩን ጥቅም ያውቀዋል፣ የድሮውንም ሥርዓት የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ነበሩ። ቀስ በቀስ ከቀበሌዎቹ ተወካዮች የተውጣጣ የጓሳ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ መዝጋትና መክፈቱም በአዲስ መልክ ተመለሰ። ዶክተር ዘላለም ተፈራ የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው በዚህ ላይ ነው። ከጥናቱ የምወደው አንድ መልእክት አለ። ቄሮ ስሙና ሹሙ ቢጠፋም፣ ሰዉ በጋራ ሀብቱ ላይ ያለው የባለቤትነት ስሜት ከአዋጁ ተርፎ አዲስ መልክ ይዟል። በኋላ የፍራንክፈርት ዙኦሎጂካል ሶሳይቲ የተባለው የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅት በድጋፍ ገባ፣ ከማኅበረሰቡ የተመለመሉ ጠባቂዎች ተሰማሩ። የአማራ ክልልም ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ በሕግ አጸናው። «የማኅበረሰብ» የምትለዋ ቃል ቀላል አይደለችም። ብሔራዊ ፓርክ ቢሆን ኖሮ ሰዉ ይወጣ፣ ሣሩም ይዘጋ ነበር፤ የመክፈቻ ቀን አይኖርም።

እስካሁን ስለ ቀይ ቀበሮው አላወራሁም። ሆን ብዬ ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ደጋዎች ውጭ የለም። በአጠቃላይ 500 ገደማ ብቻ ነው የቀረው፤ ጓሳ ላይ ያሉት በጥቂት አሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው። ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው። አይጥ የሚራባው ደግሞ ረጅም ሣር ባለበት ነው። ሰው ለጣሪያው ሲል ሣሩን አስረዘመ፤ ሣሩ አይጥ አበዛ፤ አይጡ ቀበሮውን አኖረ። አባ ቄራው ስለ ቀበሮ ስብሰባ መጥራት አላስፈለገውም።

ከቀበሮው ጋር ጭላዳው አለ። ከ1997 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ፒተር ፋሺንግና ንጋ ንጉየን የሚመሩት የምርምር ቡድን የጓሳን ጭላዳዎች ሲከታተል ኖሯል። ከሥራቸው አንዱ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2015 ወጣ። ቀይ ቀበሮ ጭላዳ መንጋ መሐል ገብቶ አይጥ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው ይሳካለታል። ብቻውን ሲያድን ግን 25 በመቶ። ጭላዳው ሣር ሲነጭ አይጡን ሳያስደነግጠው አይቀርም፤ ወይም ቀበሮው በመንጋው ተከልሎ አይጡ አያየውም። ቀበሮውም ውለታውን ያውቃል፤ አጠገቡ ያለውን ግልገል ጭላዳ ትቶት ያልፋል። ጭላዳዎቹ ውሻ ሲያዩ ግን ተነስተው ይሸሻሉ።

ውሻ ካነሳን፣ ቀይ ቀበሮን ከሣር መሳሳት እኩል የሚያሰጋው እሱ ነው። የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የሚባለው ሕመም ከመንደር ውሻ ወደ ቀበሮ ይተላለፋል፤ በባሌ ተራሮች በተደጋጋሚ ፈጅቷቸዋል። ጓሳ ዙሪያ ደግሞ በግ የሌለው ገበሬ የለም፣ በግ ያለው ደግሞ ውሻ አለው። መፍትሔው ውሾቹን መከተብ ነው። ይህ ለሰውም ይጠቅማል፤ ስለዚህ ብዙ ስብከት አያስፈልገውም።

ውኃውንም ሳልጠቅስ አልለፍ። ጓሳ ውኃ ወዲያና ወዲህ የሚከፈልበት ራስጌ ላይ ነው የተቀመጠው። ወደ ምዕራብ የሚወርደው ወንዝ ጀማን ይዞ ከአባይ ይገባል፤ መጨረሻው ሜዲትራኒያን ነው። ወደ ምሥራቅ ገደሉን የሚወርደው አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ባሕር ሳያይ በአፋር በረሃ ይቀራል። ሥሩ ጥቅጥቅ ያለው ሣርና ረግረጉ የክረምቱን ዝናብ እንደ ስፖንጅ ይዘው ቀስ እያሉ ይለቁታል። ከታች ያለ ገበሬ በሚያዝያ ምንጩ ካልደረቀ ምስጋናው ለዚህ ሣር ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። የመንዝ ቤት ቆርቆሮ እየሆነ ነው። ገሳውን ላስቲክና ጃንጥላ ተክቶታል። የናይለን ገመድ በየሱቁ አለ። ይህ መሻሻል ነው፤ የሣር ክዳን ቤት ውስጥ ይኑሩ ብዬ አልፈርድም፣ እኔም አልኖርበትም። ግን ጓሳን ያስጠበቀው የሣሩ ጥቅም ነበር ካልን፣ ጥቅሙ ሲያንስ ጥበቃውስ? ሣር የማይፈልግ ሰው የመክፈቻውን ቀን አይጓጓም። የሚቀረው ማገዶና ግጦሽ ነው፤ ሁለቱም ከሣር አጨዳ ይልቅ ቦታውን ይጎዳሉ። አጨዳ ሥሩን ይተዋል፤ ቁጥቋጦ ሲነቀል ግን ከሥሩ ነው።

አዲስ ጥቅም ለመፍጠር ተሞክሯል። በማኅበረሰቡ ባለቤትነት የሚተዳደር ሎጅ አለ፤ እንግዳ መጥቶ ጭላዳና ቀበሮ ያያል፣ ይከፍላል። ጥሩ ነው። ግን ቱሪስት እንደ ሣር አይደለም። ሣር ዝናብ ካለ ይመጣል። ቱሪስት ሰላም ይፈልጋል፣ መንገድ ይፈልጋል፤ ሰሜን ሸዋ ደግሞ ባለፉት ዓመታት ሁለቱን አብሮ ያገኘበት ጊዜ ትንሽ ነው። በዚያ ላይ የሣር ሸክም እያንዳንዱ ቤት ይገባል። የሎጅ ገንዘብ ግን አንድ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ሣጥኑን ማን እንደሚከፍተው፣ መቼ እንደሚከፍተው እንደ ድሮው በአደባባይ ካልተነገረ አንዳቫዱዋካ ላይ የሆነው እዚህም ይደርሳል፤ ያልጠበቀው ይበላል፣ የጠበቀው ያኮርፋል።

ያዙልኝ ያልኩት ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ድሮ ከበሩ ውጭ የቀረው ርስት የሌለው ነበር። ዛሬ ከበሩ ውጭ ያለው መሬት ያልደረሰው ወጣት ነው። አባቱ የኮሚቴ ስብሰባ ይሄዳል፤ እሱ ማሳ የለውም፣ ጣሪያ የሚከድንበት ቤትም ገና የለውም። ጓሳን ሲያይ የሚታየው ሊታረስ የሚችል ሜዳ ነው። አይፈረድበትም። ጠባቂ ሆኖ የሚቀጠረው ጥቂቱ ነው። የተቀረው በመክፈቻው ቀን ስሙ ካልተጠራ የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም። በማገዶ ምትክ የተሻሻለ ምድጃ መሥራት፣ ከቦታው ውጭ ዛፍ መትከል፣ የውሻ ክትባቱን ማዳረስ፣ እንግዳ መምራት፤ እነዚህ ሁሉ በወጣቶች ሊሠሩ ይችላሉ። ከዚህ በፊት ግን ስሙ መዝገቡ ላይ መስፈር አለበት። የመብቱ መለኪያ የአስቦና የጌራ ዘር መሆኑ ከቀረ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ መሬት ያለው አባወራ መሆኑም መቅረት አለበት።